ለጅብ የማይተርፍ ገና

የባሌ ታላቅ ወንድም ሚስት የገናን ድግስ አሳልፋ ስትጨርስ ከጓሮዋ ወጥቶ የሚደፋ ነገር አልነበረም። ይህን የሰማሁት ከአማቴ አፍ ነው። የሰማሁ ቀን ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ገባ፤ ብዙ ዓመትም አልወጣልኝም።

ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርሁ። ጣሊያን ወጥቶ፣ ንጉሡ ከተመለሱ ጥቂት ዓመታት ሆኗል። የኮሶዬ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ የተዳርሁት ግን ጎንደር ከተማ፣ ቁስቋም ሰፈር፣ የደብሩ የዜማ መምህር ለሆነ ሰው ነው። ባሌና ታላቅ ወንድሙ በአንድ ግቢ ውስጥ በየቤታቸው ይኖሩ ነበር። በሁለቱ ቤቶች መሐል እናታቸው የሚኖሩባት ክብ ቤት አለች። እሳቸውን ሁላችንም «እሜቴ» እንላቸዋለን። የታላቅየውን ሚስት እኔ «እትዬ» እላታለሁ። ፊት ለፊት «አንቱ» ነበረች፤ በሆዴ ግን ከመጀመሪያው ገና ጀምሮ «አንቺ» ሆነች።

አባቴ ቤት ድግስ ማለት መትረፍ ማለት ነው። እንግዳ በልቶ ጠጥቶ ሲነሳ መሶቡ ገና ግማሹን ካልያዘ እናቴ ሰው የተራበባት ይመስላታል። የተረፈውን ላሞቹ ይበሉታል፣ ውሾቹ ይበሉታል፣ የቀረው ከፍግ ጋር ተቀላቅሎ የገብሱ ማሳ ላይ ይበተናል። ተበላሸ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጎንደር ስገባ ላምም ማሳም እንደሌለኝ አልታሰበኝም።

ያ የመጀመሪያው ገና ሐሙስ ቀን ዋለ። በግ ታረደልኝ፤ ሥጋውን ሁሉ በአንድ ቀን ወጥ ሠራሁት። ዶሮም ጨመርሁበት። እንጀራው የመሶቡን ክዳን ገፍቶ እስኪያነሳ ድረስ ደራረብሁ። እንግዳ ግን ብዙም አልመጣም፤ ለካ የሰፈሩ ሰው ወጉ እሜቴ ቤት መብላት ነው። በማግስቱ ዓርብ፣ ጾም ነው፤ ድስቱ ተከድኖ ዋለ። ቅዳሜና እሑድ እኔና ባሌ እስኪመረን በላን። ሰኞ ክዳኑን ሳነሳ ሽታው ወደ ኋላ መለሰኝ። እንጀራውም ከሥር ከሥሩ ሻግቷል። ሁሉንም ተሸክሜ ከጓሮው አጥር ወዲያ ደፋሁት። ጅቦች ሲሻሙበት አድረው አጥንቱን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ድረስ በተኑት።

እሜቴ ጠዋት ከኪዳን ሲመለሱ አዩት። ደጃፌ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ይህ ቤት ሰው የለውም ወይ?» አሉኝ።

«ተረፈ እሜቴ፤ ምን ላድርገው ብዬ ነው።»

«ተረፈ...» አሉና መንገዱን ዞር ብለው አዩት። «እትዬሽም እንዳንቺው በግ አርዳለች። ለጅብ የሚሆን ጅማት ስንኳ ከግቢዋ አልወጣም። እስቲ ሄደሽ እያት።»

ሄድሁ። ለማየት ሳይሆን እሜቴ ሳይዋሹ እንዳልቀሩ ለማረጋገጥ ነው የሄድሁት። እትዬ አልነበረችም፤ በጓሮ በኩል ገባሁ። የበጉ ቆዳ ጨው ተነስንሶበት፣ ዙሪያውን በችካል ተወጥሮ ይደርቃል፤ ለአንድ የቆሎ ተማሪ ደበሎ እንደሚሆን ኋላ ሰማሁ። ጓዳው ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ በተዘረጋ ገመድ፣ ሥጋው ተዘልዝሎ ቋንጣ ሆኖ ተሰቅሏል። የተረፈው እንጀራ ተቆራርሶ ሰፌድ ላይ ፀሐይ እየመታው ድርቆሽ ይሆናል። የጠላው አተላ ውሃ ተጨምሮበት ቅራሪ ሆኖ በትንሽ ጋን ተከድኗል። ለበዓሉ መሬት ላይ ተጎዝጉዞ የነበረው ቄጠማ ደርቆ፣ ታስሮ፣ ለእሳት ማቀጣጠያ ጥግ ተቀምጧል። ጣሊያን ጥሎት የሄደው የቲማቲም ጣሳ ሁሉ ታጥቦ፣ አንዱ የጨው፣ አንዱ የእርሾ፣ አንዱ ክር ገብቶለት ኩራዝ ሆኗል።

እዚያ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ወርቅ ቢሆን ወይም ጥልፍ ቀሚስ፣ አባቴ ይገዛልኛል ብዬ እጽናና ነበር። እንዲህ ያለ እጅ ግን ማን ይገዛልኛል?

የባሰብኝ ደግሞ ማታ ነው። ባሌ ዘግየት ብሎ ገባ፤ ራት ሳቀርብለት እጁን አወዛወዘ።

«ጠግቤአለሁ። እትዬ ድርቆሽ ፈርፍራ አበላችኝ። በቅራሪ አወራርጄው መጣሁ። ብትቀምሽው!»

«ታዲያ እዚያው አታድርም ነበር?»

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንሁም።»

«አባታችን በጣሊያን ጊዜ ሲሞት እኔ ገና ተማሪ ነበርሁ። ያን ጊዜ እሷ የዚህ ቤት ሙሽራ ናት። በድርቆሽ ነው ያሳደገችኝ ብልሽ አልዋሸሁም።»

ይህን የተናገረው ሊያበርደኝ ብሎ ነው። እኔ የሰማሁት ግን የባሌን ምላስ ከኔ በፊት የያዘችው እሷ መሆኗን ነው።

በዓመቱ ገና ሲደርስ ተስፋ አደረግሁ። እሜቴ ቤት በልደት ማለዳ፣ ሲያሸበሽቡና ሲቀድሱ ያደሩ ካህናት ይመገባሉ። የባሌ አባት በሕይወት ካሉበት ጊዜ ጀምሮ የመጣ ወግ ነው። ወጡን የምትጨልፈው ሴት ሁሉም ያያታል፤ የቤቱ እመቤት ማን እንደሆነች በዚያ ይታወቃል። እሜቴ እጃቸው እየደከመ ስለ ነበር ያን ዓመት ጭልፋውን ለምራት እንደሚሰጡ ተወርቷል። አዲሲቱ ሙሽራ እኔ ነኝ፤ ከሰው ጋር እንድተዋወቅም ለኔ ይሰጡኛል ብዬ ቀሚሴን ገና ሳይነጋ ለበስሁ።

እሜቴ ጭልፋውን ከመስቀያው አወረዱና ለእትዬ አቀበሏት።

«አንቺ ያዢው። እሷ እያየች ትማር።»

እያየች ትማር! የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ተደርድረው ይሰማሉ። እኔ ማስታጠቢያውን አንስቼ ካህናቱን እጅ ማስታጠብ ጀመርሁ።

አየሁ፤ መቼም ዓይን ካለ አይቀርም። እትዬ ከበዓሉ አስቀድማ ከካህናቱ ማን እንደታመመ፣ ማን አገሩ እንደሄደ ጠይቃ አጣርታለች፤ እንጀራው ለሚመጣው ሰው ልክ ነው። ወጡን ስትጨልፍ ገበታው ላይ ክምር አታደርግም። ትንሽ ታወጣለች፣ ዞራ ትመለሳለች፣ «ጨምሩ አባቴ» ትላለች፣ ደግሞ ትንሽ ታወጣለች። እንግዳው እንደተከበረ ይሰማዋል፤ ግማሹ ተበልቶ የሚመለስ ገበታ ግን የለም። ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ ማንም እጁን ሳይሰድ፣ ትኩሱን ወጥና ያልተነካውን እንጀራ ለቆሎ ተማሪዎች ለይታ አስቀመጠች።

አንዲት ጎረቤት «የተረፈው አይበቃቸውም?» ስትላት፣

«ተማሪም ሰው ነው እቴ፤ ገናው የሰው ፍርፋሪ አይሁንበት» አለቻት።

እኔ ደጄ መጥተው ለሚለምኑ ተማሪዎች ምን እሰጥ እንደነበር አልናገርም፤ ሰው ሁሉ የሚሰጠውን ፍርፋሪ ነበር። ካህናቱ በልተው ሲነሡ አንዱ አዛውንት የገበታውን ባዶነት አይተው መረቁ። «አይጉደልበት፣ አይደፋበት» አሉ። ምርቃቱ ለቤቱ ነው፤ ዓይናቸው ግን እሷ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልበልጣት ቆረጥሁ። ለጥምቀት በግ ሲታረድ ሥጋውን እኔም ዘለዘልሁ። ወፍራም አደረግሁት መሰለኝ፣ ከውጭ ደርቆ ከውስጥ ተበላሸ። ቆዳውን ጨው የነሰነስሁበት በማግስቱ ነው፤ ጠጉሩ እፍኝ እፍኝ እየተነቀለ መጣ። ድርቆሹን የጎረቤት ዶሮዎች ጨረሱት። እትዬ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል አይታ፣

«ሥጋውን ስስ አድርገሽ ዘልዝይው እቴ። እንደ ጠፍር ይሁን» አለችኝ።

«እኛ አገር እንዲህ ነው የምናደርገው» አልኋት። እኛ አገር እንዲያ አያደርጉም።

ሦስተኛው ገና ሲመጣ ሌላ ዘዴ አሰብሁ። ብዙ ሠርቶ ማዳን ካቃተኝ፣ ከመጀመሪያው ጥቂት ብሠራስ? በግ አያስፈልግም አልሁት ባሌን። ካህናቱ እንደሆነ እሜቴ ቤት ይበላሉ፤ እኛ ሁለት ነፍስ ነን። አንድ ዶሮ ሠራሁ። እንጀራውን ለዕለቱ ብቻ ጋገርሁ። ጠላውን በትንሹ እንስራ ጠመቅሁ። ቀን ላይ አንድ ጎረቤት ከነሚስቱ ጠርተን አበላን፤ ድስቱ ተጠረገ፣ መሶቡ ተራገፈ። ዕቃውን በአመድ ፈትጌ አጥቤ፣ ግቢውን ጠርጌ፣ እሜቴ እስኪመጡ ድረስ ደጅ ደጁን እያየሁ ተቀመጥሁ።

መጡ። ጓዳ ገቡ፣ ጓሮ ወጡ። አጥሩን ተሻግረው አዩ። የተጣለ ቅጠል ስንኳ አላገኙም።

«ተባረኪ ልጄ» አሉኝ። «አሁን ቤት ያዝሽ።»

ለዚያች ቃል ስንት ሌሊት ተገላብጬ ነበር! ወደ እትዬ ቤት አቅጣጫ ቀና ብዬ አየሁ፤ ብትሰማ በወደድሁ።

እሜቴ ገና አልወጡም፤ በሩ ላይ ጫጫታ ሰማሁ። ብቅ ስል አባቴ ነው። ወንድሞቼ ከኋላው፣ የአባቴ ባልንጀሮች፣ አክስቴም ሳትቀር። ከደባርቅ የሚወርድ የጭነት ማኪና ኮሶዬ ላይ አግኝተው፣ ከቅዳሴ ወጥተው ሳይቀምሱ ተሳፍረዋል። አንዱ ወንድሜ ሙክት ይጎትታል፤ አባቴ የቅቤ ቅልና የማር ገንቦ ተሸክሟል።

«ልጄ! ገናን ካንቺ ጋራ ልንውል መጣን!» አለ አባቴ። «ማኪናው ሆዳችንን አራግፎታል፤ መሶቡን አቅርቢው!»

ጉንጩን ሳምሁት። የኮሶዬ ልጅ አባቷ መጥቶ ባዶ መሶብ! ሙክቱ እስኪታረድና እስኪበስል ይመሻል። አስገብቼ አስቀመጥኋቸውና ጓዳ ገብቼ የታጠበውን ድስት እያየሁ ቆምሁ። እሜቴ ተከትለውኝ ገቡ፤ አዩና በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

የጓሮው በር ተከፈተ። እትዬ ናት። ማንም አልጠራትም፤ ጫጫታውን ሰምታ ኖሯል። ሙሉ መሶብ ይዛ ገባች፤ ተመልሳ ሄዳ ጠላ በእንስራ አመጣች። ሦስተኛ ስትመለስ ከጾሙ በፊት ያደረቀችውን ቋንጣና በጾሙ ያደረቀችውን ድርቆሽ በቅቤ ፈርፍራ፣ እንፋሎቱ እየወጣ ይዛው መጣች። ከጠዋቱ በግ የቀረ ጥብስም ነበረበት።

«አቅርቢ እንጂ፤ ምን ትቆሚያለሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

አቀረብሁ። እትዬ አባቴን እጅ እየነሣች፣ «ልጅዎ እኔ ጓዳ አስቀምጣው ነው። የሷ ጓዳ ጠባብ ስለ ሆነ» አለች።

ልታድነኝ ፈልጋ ነው። አባቴ ግን አንድ ጉርሻ ዋጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ የልጄ እጅ አይደለም። የልጄ እጅ ጨው ይበዛበታል።»

ወንድሞቼ ሳቁ። አክስቴም ሳቀች። ፍርፍሩ ሲያልቅ አባቴ ጣቱን ገበታው ላይ እያዞረ ጠረገ፤ እንዲህ ሲያደርግ ቤታችን አይቼው አላውቅም። ከዚያ እትዬን ቀና ብሎ አየ።

«ሸጋ ሴት ነሽ ልጄ» አላት።

ልጄ አላት። እኔን የሚጠራበትን ቃል። ይህም አልበቃው፤ ለኔ ያመጣውን የማር ገንቦ አንሥቶ፣ «ይህ ላንቺ ይሁን» ብሎ እጇ ላይ አኖረው።

አማቴን ወስዳለች፤ የባሌን ምላስ ወስዳለች፤ ካህናቱን ወስዳለች። አባቴ ግን የኔ ብቻ ነበር። እንጨት ላመጣ ብዬ በጓሮ ወጣሁ፤ ከቁስቋም ግንብ ፍራሽ በኩል ካለው የወይራ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ብዙም ሳይቆይ እትዬ መጣች። ማሩን አልያዘችም።

«ምነው አንቱ?» አልኋት፤ እንባዬን ሳልጠርግ። «ምነው? አንድ ነገር እንኳ አይተዉልኝም?»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባትሽ ሲመጣ በአጥሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ» አለች። «ሸክሙን እንደያዘ በሩጫ ነው የመጣው፤ ሽማግሌ ሰውዬ። ሳየው ቀናሁብሽ።»

«እርስዎ? በኔ?»

«በማን ልቅና ታዲያ? የኔን ቤት ምግብ ሰው ሁሉ ያመሰግናል። የኔን በር 'ልጄ' እያለ ያንኳኳ ዘመድ ግን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አሰብሁ። አላየሁም። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ከሷ ወገን የመጣ እንግዳ አንድም አልነበረም፤ እኔም ልብ ብዬው አላውቅም።

«በጠላት ጊዜ ቤታችን ተቃጠለ» አለች። «ከእናቴ ጋራ ቆላ ወርደን ዋሻ ውስጥ ገባን። አንድ ቀን ሻግቷል ብዬ ቁራሽ ቂጣ ገደል ወረወርሁ። በማግስቱ እናቴ ራባት፤ ወርጄ ፈለግሁት፤ አጣሁት። እሷ እዚያው ቀረች። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ ያንን ቁራሽ እፈልጋለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን አንገቷን አቅፎ ያለቅስ ነበር። እኔም አዘንሁ፤ አላዘንሁም ብል ውሸት ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያችም ደቂቃ ቢሆን ቅናቱ አለቀቀኝም። ኀዘኗን እንኳ የምትናገርበት አፍ ነበራት፤ እኔ የራሴን ስናገር ክስ ነው የሚመስለው።

«ተነሽ» አለችኝ። «ሰው ጥለሽ መጥተሻል። ሙክቱን ዛሬ አታሳርጂው፤ ለጥምቀት ይቆይ። ያን ጊዜ እኔም አላርድም፤ ለሁለት ቤት አንዱ ይበቃናል።»

እንደዚያው አደረግን። በጥምቀት አንድ ሙክት ለሁለት ቤት ታረደ። ከዚያም በኋላ በየገናው እንዲሁ ሆነ፤ አንድ ዓመት የሷ በግ፣ አንድ ዓመት የኔ። ጠላውንም በአንድ ጠመቅን። የምንጠራውን ሰው አስቀድመን እንማከራለን፤ ጠዋት ካህናቱ፣ ቀን የኮሶዬ ሰዎች። አባቴ በየዓመቱ መምጣት ጀመረ፤ ሲመጣም «ልጆቼ» እያለ ነው በሩን የሚያንኳኳው። ቋንጣ መዘልዘል ከሷ ተማርሁ። ቆዳ ሞቅ እያለ ጨው እንደሚነሰነስበት ተማርሁ። እሜቴ ሲያመሰግኑ ከሁለታችን የማንን ስም አስቀድመው እንደሚጠሩ ጆሮዬን ቀስሬ መስማቴን ግን አልተውሁም። ሁልጊዜ የሷን ነበር የሚያስቀድሙት። እስኪሞቱ ድረስ።

እሜቴ ባረፉ በዓመቱ የባሌ ታላቅ ወንድም ፀዳ አካባቢ ባለ ደብር አገልግሎት ተሰጠው፤ እትዬም አብራው ሄደች። ዕቃዋን በአህያ ጭነን ስንሸኛት ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ አላለቀስሁም። ያን ዓመት ገና የካህናቱን ገበታ ብቻዬን አሰናዳሁ፤ ልክ ሆነ። አልጎደለም፣ አልተረፈም። ጎረቤቶቼ «እጅሽ ተባረከ» አሉኝ። ከጎኔ ቆማ የምትሰማ ስለሌለች ቃሉ ብዙም አልጣፈጠኝም።

ከበዓሉ በኋላ ፀዳ ወረድሁ። ግቢዋ ገና ሳልደርስ ድምፅ ሰማሁ። የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባለች፤ በየቤቱ በግ ከሚታረድና ከሚበላሽ ብላ፣ አንድ በሬ ለሰፈሩ በቅርጫ አሳርዳ ኖሮ፣ አሁን ሴቶቹ ደጇ ላይ ተቀምጠው ስለዚያ ያወራሉ። በየመሐሉ ይስቃሉ። አንዲት ወጣት ሴት፣ አዲስ ሙሽራ መሰለችኝ፣ እትዬን ተጠግታ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። እትዬ እያወራች የልጅቱን ፀጉር ከፊቷ ላይ ትመልስላታለች።

በሩ ላይ ቆምሁ። ያ የማውቀው ሙቀት ፊቴ ላይ ወጣ። በእትዬ አልነበረም በዚያን ጊዜ የቀናሁት።

እትዬ አየችኝና እጇን ዘረጋች። «ነይ እንጂ! ምነው ቆምሽ?»

«ይቺ ማን ናት?» አልኋት፤ ሰላምታም ሳልሰጥ።

ሴቶቹ ዞር ብለው አዩኝ። እትዬ ግን ከት ብላ ሳቀች፤ ያን ያህል ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔም ገብቼ በሁለቱ መሐል ተቀመጥሁ።